ቀኑ የማን ነው? «ሰንበት» የሚለው ቃልና የቆላስይስ 2፥16 አነባበብ በአማርኛና በጎረቤት ልሳናት

1. መነሻ

ከካምፓላ መሐል ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በኪራ መንገድ ዳርና ዳር የሰፈረው ካምዎክያ ብዙ ልሳን የሚሰማበት ሰፈር ነው። ሉጋንዳ የቤትና የገበያ ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛና ስዋሂሊም ከጆሮ አይርቁም። በካምፓላ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሲያልፉበት ደግሞ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ይጨመራሉ። በእንዲህ ያለ ስፍራ ከዓርብ ቀጥሎ ያለው ቀን የሚጠራባቸው ስሞች ለሥነ ልሳን ተመራማሪ ጥሩ መነሻ ናቸው። በሉጋንዳ ቀኑ «ልዋሙካጋ» ነው፤ «ሙካጋ» ስድስት ስለ ሆነ ስሙ የስድስተኛው ቀን ማለት ነው። በስዋሂሊ «ጁማሞሲ» ነው፤ «ሞሲ» አንድ ስለ ሆነ ቀኑ የሳምንቱ አንደኛ ሆኖ ተቈጥሯል። በአማርኛ «ቅዳሜ» ነው፤ ከግእዙ «ቀዳሚት» የመጣ ሲሆን የምትቀድመው፣ የፊተኛዪቱ ማለት ነው። ያው አንድ ቀን በአንዱ ልሳን ስድስተኛ፣ በሌላው አንደኛ፣ በሦስተኛው ቀዳሚ ሆነ፤ ኦሪት ግን ሰባተኛ ትለዋለች።

ይህ ልዩነት የስም አወጣጥ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በመዝገበ ቃላት ተመዝግቦ ባበቃ ነበር። ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ ልሳናት የሚነበብና ብዙ ክርክር ያስነሣ አንድ ጥቅስ አለ። የቆላስይስ መልእክት በምዕራፍ 2 ቍጥር 16 በሚበላውና በሚጠጣው፣ በዓመት በዓል፣ በወር መባቻና በሰንበት ረገድ ማንም በምእመናኑ ላይ ፈራጅ ሆኖ እንዳይነሣ ያሳስባል፤ በቍጥር 17 ደግሞ እነዚህ ነገሮች ሊመጣ ላለው ጥላ እንደ ሆኑ፣ አካሉ ግን የክርስቶስ እንደ ሆነ ያክላል። ቅዳሜን የሚያከብረውም የማያከብረውም፣ ሁለቱን ቀናት የሚይዘውም አንዱን ብቻ የሚይዘውም ይህን ጥቅስ ለየራሱ ወገን ይጠቅሰዋል።

ከዚህ በታች የቀረበው ሂስ አንድ ነገር ለማሳየት ይሞክራል። በጥቅሱ ዙሪያ የሚነሣው ክርክር በአብዛኛው የሚያርፈው አንባቢው ከገዛ ቋንቋው ይዞት በሚመጣው የቀን ስም ላይ ነው። የጥቅሱ ዐረፍተ ነገር የተገነባው ግን በቀኑ ላይ ሳይሆን በፈራጁ ላይ ነው። ሌላ ካልተገለጸ በቀር በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

2. የቃሉ ጉዞ

የዕብራይስጡ «ሻባት» በአራማይስጥ «ሻባታ» የሚል የታወቀ ስም ቅርጽ አለው። ግሪክኛ ቃሉን ሲዋስ መድረሻውን «አ» የገዛ ራሱ የብዙ ቍጥር ምልክት አድርጎ ወሰደው። ስለዚህ «ሳባታ» በግሪክኛ መልኩ ብዙ፣ ፍቺው ግን ብዙ ጊዜ ነጠላ ሆኖ ይገኛል። በቆላስይስ 2፥16 ያለው «ሳባቶን» የዚሁ የብዙ ቍጥር አገናዛቢ ቅርጽ ነው። ይህን ቅርጽ ብቻ አይቶ «ሰንበታት ስላለ የሳምንቱን ሰንበት ሳይሆን ልዩ ልዩ የበዓል ሰንበቶችን ማለቱ ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም። የሰባ ሊቃናት ትርጉም ኦሪት ዘጸአት 20፥8 ላይ፣ ማለትም በዐሥርቱ ትእዛዛት ውስጥ ባለው የሰንበት ትእዛዝ፣ የሚጠቀመው ይህንኑ የብዙ ቍጥር አገናዛቢ ነውና።

ግእዝ ቃሉን «ሰንበት» ብሎ ተቀብሎታል። በዕብራይስጥና በአራማይስጥ ጠብቆ የሚነገረው «ብ» በግእዝ ወደ «ንብ» ተለውጧል። ይህ ለውጥ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የሃንጋሪው «ሶምባት»፣ የፈረንሳይኛው «ሳምዲ» እና የጀርመንኛው «ሳምስታግ» ተመሳሳይ የአፍንጫ ድምፅ የገባባቸው የዚሁ ቃል ዘሮች ናቸው። ሃንስ ያኮብ ፖሎትስኪ በ1964 ባወጣው ጥናት ስለ ግእዝ የሃይማኖት ቃላት እንዳሳየው፣ ከእነዚህ ውስጥ እንደ «ኦሪት»፣ «ምጽዋት» እና «ጣዖት» ያሉት አራማይስጣዊ ምንጭ አላቸው። ስለዚህ ግእዝ ተናጋሪው ክርስቲያን የጳውሎስን መልእክት በልሳኑ ባነበበ ጊዜ ቃሉ ባዕድ ሆኖ አልታየውም። ይህ ለትርጉም ምቹ ነበር፤ ለአተረጓጐም ግን አደጋ ነበረው። ሰው በባዕድ ቃል ፊት ቆም ብሎ ይጠይቃል፤ የራሱ በመሰለው ቃል ላይ ግን ሳያስተውል ያልፋል።

3. አንድ ቃል፣ ልዩ ልዩ ቀን

ቃሉ ወደ ዛሬዎቹ ልሳናት ሲወርድ በየአገሩ የተለያየ ቀን ይዟል። በትግርኛ «ቀዳም» ቅዳሜ ነው፤ «ሰንበት» ሲባል የሚታሰበው እሑድ ነው። በኦሮምኛ በተቃራኒው «ሰንበታ» የቅዳሜ ስም ሲሆን እሑድ «ዲልበታ» ይባላል። እሑድን «ሰንበታ ጉዳ»፣ ማለትም ትልቁ ሰንበት፣ የሚሉም አሉ። በአማርኛ «ሰንበት» ሁለቱንም ቀን ይሸፍናል። ቅዳሜ «ቀዳሚት ሰንበት»፣ እሑድ «ሰንበተ ክርስቲያን» ናቸው። በዕለት ተዕለት አነጋገር ግን ሚዛኑ ወደ እሑድ ያዘነብላል። «ሰንበት ትምህርት ቤት» እና «ሰንበቴ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እሑድን ነው።

«ቅዳሜ» የሚለው ስም ልዩ ትኵረት ይገባዋል። «ቀዳሚት» ቅጽል ነው፤ የሚገልጸው ስም፣ «ሰንበት»፣ በመነገር ብዛት ተጥሎ ቅጽሉ ብቻ ቀርቷል። ቀዳሚ የሚባል ነገር ደግሞ ተከታይ ይኖረዋል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ ቀኑን በጠራ ቍጥር ሁለት ሰንበቶች እንዳሉ የሚገምት ሐረግ ይናገራል። በአጠገቡ ያለው «እሑድ» ደግሞ ከ«አሐዱ» ጋር የተያያዘ፣ የመጀመሪያው ቀን ማለት ነው። ቅዳሜ ከሰንበታት የመጀመሪያዋ፣ እሑድ ከዕለታት የመጀመሪያው ሆነዋል ማለት ነው። የሁለቱ ሰንበቶች ሥርዐት ከመጻሕፍት ክርክር አልፎ በተራው ሰው የቀን አቈጣጠር ውስጥ የተቀመጠው በዚህ መንገድ ነው።

በሉጋንዳ ያለው ሁኔታ ከዚህ ይለያል። «ሳቢቲ» ከክርስትና ጋር የገባ ውሰት ሲሆን የመጽሐፍ ቅዱሱን ሰንበት፣ የእሑድን ቀንና ሳምንትን በአንድ ላይ ይይዛል። የሳምንቱ የሥራ ቀናት ደግሞ ከሰኞ ይቈጠራሉ፤ ማክሰኞ «ልዋኩቢሪ»፣ ማለትም የሁለተኛው፣ ቅዳሜ የስድስተኛው ነው። በዚህ አቈጣጠር ሰባተኛው ቀን ያለ ምንም ማስረጃ ከእሑድ ጋር ይገጥማል። ጆርጅ ፒልኪንግተን ከሄንሪ ራይት ዱታ ጋር የደከመበትና በ1896 በሙሉ የወጣው የሉጋንዳ መጽሐፍ ቅዱስ እጁ የገባ አንባቢ፣ ኦሪት ሰባተኛውን ቀን እንዲያከብር ስታዝዘው ከሚሲዮኑ የእሑድ አምልኮ ጋር የሚጋጭ ነገር በስሞቹ ውስጥ አያገኝም።

ይህ ስምምነት የፈረሰበት የታወቀ ታሪክ አለ። የጦር አለቃው ሰሜይ ካኩንጉሉ መጀመሪያ በ1914 ከጆስዋ ካቴና ከማላኪ ሙሳጃካዋ ጋር የተነሣውንና መድኃኒት መውሰድን በመቃወም የታወቀውን እንቅስቃሴ ተቀላቀለ፤ በ1919 ተገርዞ በምባሌ አካባቢ የአባዩዳያን የአይሁድ ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ ቅዳሜን ሰንበት አድርጎ ያከብራል። ካኩንጉሉ ይህን ለማድረግ ከሚሲዮኑ ትምህርት ጋር ብቻ ሳይሆን ከገዛ ቋንቋው ስሞች ጋርም መለየት ነበረበት። «ስድስተኛው» የተባለውን ቀን ሰባተኛው ነው ማለትን፣ «ሳቢቲ» የተባለውንም ቀን ሰንበት አይደለም ማለትን ይጠይቅ ነበርና። አማርኛ ተናጋሪው በስሙ ውስጥ ተቀምጦ የሚያገኘውን፣ ሉጋንዳ ተናጋሪው ስሙን ተቃውሞ ማግኘት ነበረበት።

4. ሁለቱ የተለመዱ አነባበቦች

የቆላስይስ 2፥16 አነባበቦች ብዙ ቢሆኑም ሁለቱ ጐልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው፣ ጥቅሱ የሰንበትን ሕግ ፈጽሞ ሽሮታል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሰንበት የተባለው በዓመታዊ በዓላት ላይ የሚውለው ልዩ ዕረፍት እንጂ የሳምንቱ ሰንበት አይደለም የሚል ነው።

ሁለተኛው አነባበብ በቋንቋ ረገድ ደካማ ነው። የብዙ ቍጥሩ ቅርጽ እንደማይረዳው ከላይ ታይቷል። ከዚህም በላይ በዓል፣ ወር መባቻና ሰንበት ተከታትለው መምጣታቸው በብሉይ ኪዳን የታወቀ አባባል ነው፤ ሕዝቅኤል 45፥17 እና ሆሴዕ 2፥11 ይጠቀሳሉ። ዝርዝሩ ከዓመት ወደ ወር፣ ከወር ወደ ሳምንት ይወርዳል። «ሰንበት» ዓመታዊ በዓል ቢሆን በመጀመሪያው ቃል የተባለው በሦስተኛው ተደገመ ማለት ይሆናል፤ የዝርዝሩም ደረጃ ይፈርሳል።

የመጀመሪያውም አነባበብ ግን ከጽሑፉ ያልፋል። ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ «መሻር» የሚል ግሥ የለም። ቀናቱ «ጥላ ናቸው» የሚለው ግሥ በግሪክኛው የአሁን ጊዜ ነው፤ «ነበሩ» አይልም። ጥላ ከአካል ያነሰ መሆኑን ጽሑፉ በግልጽ ያሳያል፤ ጥላ ያለበት ሰው ይነቀፍ ወይም ይገሠጽ ግን አይልም። እዚህ ላይ አማርኛው «አካል» የሚለውን ቃል መያዙ ይመሰገናል። በመልእክቱ 1፥18 ቤተ ክርስቲያን «አካል» ተብላለች፤ በ2፥19 ቃሉ ይመለሳል። «እውነታ» ወይም «ፍሬ ነገር» ብለው የሚተረጕሙ ልሳናት ይህን ሰንሰለት ይበጥሳሉ፤ አማርኛው ግን ጥላን ከአካል፣ አካልንም ከማኅበሩ ጋር አያይዞ ያቆያል።

5. ግሡና ቅጥያው

የጥቅሱ ዋና ግሥ «መፍረድ» ነው። ግሪክኛው «ክሪኖ» በቀጥታ ተሳቢ ይወስዳል፤ ፍርዱ የሚያጸድቅም የሚኰንንም ሊሆን ይችላል። አማርኛ ግን እንዲህ ያለ ገለልተኛ አነጋገር አይፈቅድም። «ፈረደ» ሰውን ሲነካ ወይ «ፈረደለት» ወይ «ፈረደበት» መሆን አለበት፤ «ል» ለጥቅም፣ «ብ» ለጉዳት ነው። ተርጓሚው «አይፍረድባችሁ» ሲል ልሳኑ ያስገደደውን ምርጫ አድርጓል፤ ዐውዱም ይደግፈዋል። በሉጋንዳ መፍረድ «ኦኩሳላ ኦሙሳንጎ» ነው፤ ቃል በቃል ጉዳይ መቍረጥ ማለት ነው። ሰው ሲጨመርበት በ«ኢር» ቅጥያ «ኦኩሳሊራ» ይሆናል። ይህ ቅጥያ ለጥቅምም ለጉዳትም የሚያገለግል ስለ ሆነ አቅጣጫውን የሚወስነው ዐውዱ ነው።

የሁሉም ልሳን አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ጽሑፉ የቆላስይስ ሰዎች የተፈረደባቸው ሰንበትን ስላከበሩ ይሁን ስላላከበሩ አይናገርም። የግሪክኛው ሐረግ «በሰንበት ረገድ» ከማለት አያልፍም፤ የአማርኛው «ስለ ሰንበት» ይህን ዝምታ በታማኝነት ጠብቆታል። ስለዚህ የዐረፍተ ነገሩ ክልከላ የሚያርፈው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ እርሱም ፈራጁ ነው። አክባሪውም የማያከብረውም «ባችሁ» በሚለው ቅጥያ ውስጥ አብረው ሊቆሙ ይችላሉ። ጥቅሱን ይዞ በሌላው ላይ የሚነሣ ሰው፣ ቅዳሜን ስላከበርህ ቢልም ስላላከበርህ ቢልም፣ ራሱን ጥቅሱ በከለከለው ስፍራ ያገኘዋል።

6. ፍርዱ በታሪክ

ይህ የሰዋስው ትንታኔ ብቻ እንዳይመስል የኢትዮጵያ ታሪክ ይመሰክራል። በ14ኛው መቶ ዓመት አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ እንዲከበር አስተማሩ፤ ተቃውሞው በርትቶባቸው ከአገር ወጥተው በ1352 በአርመን አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ከጳጳሱ ሥልጣን ተለይተው፣ ከክህነትም ርቀው በየገዳማቸው ጸኑ። የእስክንድርያ ወገን ቅዳሜን ማክበር ወደ አይሁድ ሥርዐት መመለስ ነው ብሎ ይነቅፋቸው ነበር። በ1404 ዐፄ ዳዊት ሰንበታቸውን በሰላም እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ጳጳሳቱ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ተስማሙ፤ የሁለቱ ሰንበቶች መከበርም የቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዐት ሆነ። ትናንት የተነቀፈው ዛሬ ሕግ ሆነ። በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ቅዳሜን ማክበር ተከለከለ፤ በ1632 የካቶሊክ ሥርዐት ሲሻር እንደ ገና ተመለሰ። ቀኑ አልተለወጠም፤ ሲለዋወጡ የኖሩት የ«ፈረደ» ባለቤትና ተሳቢ ናቸው።

በዚህ ረጅም ክርክር ውስጥ ለሥነ ልሳን ተመራማሪ እጅግ ጠቃሚው ሰነድ የዐፄ ገላውዴዎስ የሃይማኖት መግለጫ ነው። ከኢየሱሳውያን ጋር በነበረው ክርክር መካከል በ1555 የተጻፈው ይህ አጭር ጽሑፍ፣ አገሩ ቅዳሜን በማክበሩ የአይሁድን ሥርዐት ይከተላል ለሚለው ክስ መልስ ይሰጣል። የመልሱ አካሄድ ልብ ይሏል። ንጉሡ ቀኑንም የቀኑንም ስም አልተወም። ይልቁንም «ማክበር» የሚለው ግሥ ምን እንደሚይዝ ለይቶ ዘረዘረ። ውኃ አለመቅዳት፣ እሳት አለማንደድ፣ ወጥ አለመሥራት፣ ከቤት ወደ ቤት አለመሄድ የእኛ አከባበር አይደለም አለ፤ የእኛ ማክበር ቍርባን ማቅረብና በፍቅር ማዕድ መቋደስ ነው፣ ይህም ሐዋርያት በዲድስቅልያ ያዘዙት ነው፣ እሑድ ግን ከዚህ የበለጠ ክብር አላት አለ። ክሱ የተመሠረተው «አንድ ስም፣ ስለዚህ አንድ ሥርዐት» በሚለው ግምት ላይ ነበር። ገላውዴዎስ ስሙንና ሥርዐቱን ለያይቶ ግምቱን አፈረሰው። ከቆላስይስ ጥላና አካል ጋር ሲነጻጸር፣ ጥላውን ሳይጥል በአካሉ ዙሪያ ያቆመ አነባበብ ነው ማለት ይቻላል።

7. «ወግ» እና «ትውፊት»

የሰንበት ክርክር ብዙ ጊዜ የሚቋጨው «ይህ የሰው ወግ ነው» በሚል ክስ ነው። ክሱ ድጋፍ የሚያገኘው ከማርቆስ 7፥8 እና ከዚሁ ከቆላስይስ መልእክት 2፥8 ነው። በሁለቱም ግሪክኛው «ፓራዶሲስ» ይላል፤ እጅ በእጅ የተላለፈ ነገር ማለት ነው። ያው ቃል ግን በ1ኛ ቆሮንቶስ 11፥2 እና በ2ኛ ተሰሎንቄ 2፥15 በምስጋናና በማሳሰቢያ ይመጣል፤ እዚያ የተላለፈው ሊጠበቅ ይገባዋል።

በ1962 (በ1954 ዓ.ም.) የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በእነዚህ ስፍራዎች ሁሉ «ወግ» ይላል፤ ይህ ጽናት ሊመሰገን ይገባል። የ1984ቱ አዲሱ ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ትርጉም በነቀፋው ስፍራ ወግ የሚለውን ቃል፣ በምስጋናው ስፍራ ግን ትምህርት የሚለውን በመጠቀሙ አንባቢው አንድ ቃል መሆኑን እንዳያውቅ አድርጓል። የአማርኛው ችግር ሌላ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለዚሁ ሐሳብ የሚጠቀሙበት ቃል «ትውፊት» ነው፤ ማስረከብ ከሚለው ከግእዙ «አወፈየ» የመጣ፣ ከግሪክኛው ጋር በሥረ ነገሩ የሚገጥም ድንቅ ቃል ነው። ውጤቱ ግን አንዱ ወገን «ወግ» እያለ ሲነቅፍ ሌላው «ትውፊት» እያለ ሲጠብቅ፣ ሁለቱ ስለ አንድ ቃል እንደሚናገሩ ሳያውቁ መለያየታቸው ነው። ጥያቄው ነገሩ ተላልፎ መጥቷል ወይስ አልመጣም የሚል ሊሆን አይችልም፤ እሑድን ማክበርም ቅዳሜን ማክበርም ዛሬ በደረሱበት መልክ በእጅ የተላለፉ ናቸውና። ጥያቄው ማን አስረከበው፣ ምንስ ያገለግላል የሚል ነው።

8. ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው ለተርጓሚዎችና ለቋንቋ አጥኚዎች ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ በቆላስይስ 2፥16 «ሰንበት» የሚለውን በቀን ስም መተካት አይገባም። በትግርኛና በሉጋንዳ ቃሉ ወደ እሑድ፣ በኦሮምኛ ወደ ቅዳሜ ስለሚስብ፣ የተባለው የኦሪት ሳምንታዊ ዕረፍት መሆኑን በኅዳግ መግለጽ ይበቃል። ሁለተኛ፣ «ስለ» የያዘው ዝምታ ሊጠበቅ ይገባል፤ «ሰንበትን ስላከበራችሁ» ወይም «ስላላከበራችሁ» ብሎ የሚያፍታታ ትርጉም ጽሑፉ ያልሰጠውን ፍርድ ይሰጣል። ሦስተኛ፣ «ወግ» በሚገኝበት ስፍራ «ትውፊት» አቻው መሆኑ ቢጠቀስ፣ ለዘመናት ጐን ለጐን ሳይገናኙ የኖሩ ሁለት ቃላት ይገናኛሉ።

የቀረው ለአንባቢው ነው። በካምዎክያ ልዋሙካጋ የሚለውና ቅዳሜ የሚለው በአንድ መንገድ ላይ በሚገናኙበት ቀን፣ አንዱ ቀኑን ከሥራ ቀናት የመጨረሻው አድርጎ ይዟል፤ ሌላው ከሁለት ሰንበቶች የፊተኛዋ አድርጎ ይዟል። ሁለቱም ይህን የተማሩት ጥቅስ ከማንበባቸው በፊት፣ አፋቸውን ከፈቱበት ልሳን ነው። በጥቅሱ ሌላውን ለመክሰስ የሚነሣ ሰው ሊመልሰው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄም ከዚሁ ይነሣል፤ የሚከሰው በሐዋርያው ቃል ነው ወይስ በገዛ ቋንቋው የቀን ስም?